የአይሮፕላን አብራሪ አእምሮ ስንት ጩኸት ይሸከማል?

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው አይከል ኑሮዋ የመንገድ ኑሮ ነው። ከቆላው የሚወጣው ሰሊጥና ጥጥ፥ ከጎንደር የሚወርደውም የሱቅ ሸቀጥ በርስዋ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የከተማይቱን ነጋዴ ከሸቀጡ ጥራትና ከዋጋው ቀጥሎ የሚያሳስበው ነገር ጭነቱን ተረክቦ የሚሄደው ሰው ሁኔታ ነው። ሾፌሩ ሌሊቱን ተኝቶ አድሯል ወይስ ሲነዳ አድሮ መጥቷል? ቁልቁለቱን አሁኑኑ ሊወርድ ነው ወይስ እስኪነጋ ይቆያል? ነጋዴው መልሱን ለማግኘት የሾፌሩን ዓይን ማየትና ሁለት ቃል ማናገር ይበቃዋል። ከአዘዞ፥ ከዐፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንዡ የሚሄደው አስመጪ ግን የአብራሪውን ፊት እንኳ ሳያይ ሕይወቱንና ገንዘቡን አደራ ይሰጠዋል። አበባና ሥጋ በአየር ወደ ውጭ አገር የሚልኩት ነጋዴዎችም እንዲሁ ናቸው።

በዚያ በተዘጋ በር ኋላ የተቀመጠው ሰው አእምሮ በሥራ ላይ ሳለ ምን እንደሚሆን በመሣሪያ ለመመርመር የተነሡ ሊቃውንት አሉ። አሠራራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። አብራሪው ከመሬት ሳይነሣ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዓይኑን ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለው፥ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ የሚሰኘው መነጽር ይሸፍነዋል። በመነጽሩ ውስጥ የአይሮፕላኑ መንጃ ክፍል፥ ከፊቱም ሰማዩ፥ ደመናውና የማረፊያው ሜዳ ይታዩታል፤ አንገቱን ባዞረ ቁጥር የሚያየውም ነገር አብሮት ይዞራል። በራሱ ላይ ደግሞ ትናንሽ የብረት ነጥቦች የተሰፉበት ቆብ ይደረግለታል። ከዚህ በኋላ ነፋስ ይመታዋል፥ ሞተር ይጠፋበታል፥ ደወል ይጮኽበታል። ሊቃውንቱም እጁ ምን እንደ ሠራ ብቻ ሳይሆን እጁ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንጎሉ ምን እንዳደረገ ጭምር ይመዘግባሉ።

አብራሪን በምድር ላይ አስቀምጦ በረራን ማለማመድ ራሱ የቆየ ሙያ ነው። በአሜሪካ አገር በቢንግሃምተን ከተማ አባቱ የኦርጋን ፋብሪካ የነበረው ኤድዊን ሊንክ የተባለ ሰው፥ በ1921 ዓ.ም. የኦርጋኑን ወናፍ አይሮፕላን በሚመስል ሣጥን ሥር አድርጎ፥ ሣጥኑ እንዲያዘነብልና እንዲዞር አደረገው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።) መጀመሪያ ሣጥኑን የገዙት የመጫወቻ ስፍራ ባለቤቶች ነበሩ፤ የጦር ሠራዊቱ ፊቱን አላዞረበትም ነበር። በ1926 ዓ.ም. ግን ሠራዊቱ የአየር ፖስታ እንዲያመላልስ ታዝዞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብራሪዎቹ በጭጋግና በማዕበል ሲያልቁበት፥ ያንኑ የንቀት ሣጥን 6 ገዛ። መሣሪያው ገዢ ያገኘው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው ነገሩ በዚያ አልቆመምና።

ዛሬ ሲሙሌተር የሚባለው ትልቁ መለማመጃ በስድስት እግሮች ላይ የቆመ፥ የአይሮፕላኑን መንጃ ክፍል ከነመቆጣጠሪያዎቹ በሙሉ የያዘ ማሽን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ በሚገኘው ማሠልጠኛው ለቦይንግ 787፥ ለኤርባስ ኤ350 እንዲሁም በአገር ውስጥ መሥመር ለሚበረው ኪው400 እንዲህ ያሉ ማሽኖች አቁሟል፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ አብራሪዎችም በክፍያ ይለማመዱባቸዋል። የአንዱ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዓይን ላይ የሚደረገው መነጽር ግን ከነኮምፒውተሩ በጥቂት ሺህ ዶላር ይገዛል። ይህን የዋጋ ልዩነት ለነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። የአሜሪካ አየር ኃይል በ2010 ዓ.ም. በኦስቲን ከተማ 20 ተማሪዎችን በዚህ መነጽር ማሠልጠን ጀምሮ 13ቱን በግማሽ ዓመት ያህል ጊዜ አስመረቀ፤ ተማሪዎቹ ሲለማመዱም የሰውነታቸው ምልክት በመሣሪያ ይመዘገብ ነበር። የአውሮፓ የአቪየሽን ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በ2013 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ ለተሠራ፥ ሮቢንሰን አር22 ለሚባለው ሄሊኮፕተር ልምምድ ለሚሆን የመነጽር መለማመጃ የመጀመሪያውን ፈቃድ ሰጠ። ቢሆንም መነጽሩ ትልቁን ማሽን ይተካል ማለት አይደለም። መሪው በእጅ ላይ ያለው ክብደት በመነጽር አይገኝም፤ አንዳንዱንም ሰው ያጥወለውለዋል።

አሁን ወደ ቆቡ እንመለስ። የሰው አንጎል ሲሠራ ከራስ ቆዳ ላይ ሊለካ የሚችል እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ያወጣል። መጠኑ የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ እየተባለ የሚቆጠር ነው። ይህን ከሰው ራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በጀርመን አገር በየና ከተማ የነበረው ሐኪም ሐንስ በርገር ሲሆን ጊዜውም 1916 ዓ.ም. ነው። በርገር እንዳየው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዐርፎ ሲቀመጥ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለስ ማዕበል ይጎላል፤ ዓይኑን ገልጦ ሥራ ሲጀምር ያ ማዕበል ይደክማል። አልፋ ይባላል። ከርሱ የዘገየው፥ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ቴታ ደግሞ ሰው ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ በልቡ ይዞ ሲያሰላ በግንባሩ በኩል ይጨምራል። ሐኪሞች ይህንኑ መሣሪያ የሚጥል በሽታን ለመመርመር ከተጠቀሙበት ብዙ ዘመን ሆኗል። የአብራሪዎቹ መርማሪዎች ያደረጉት ነገር መሣሪያውን ከሐኪም ቤት አልጋ አንሥተው ወደ መንጃው ወንበር ማዛወር ነው። አንዳንዶቹም በኤሌክትሪኩ ላይ ሌላ ዘዴ ጨምረዋል፤ ዓይን የማያየው ብርሃን በግንባር ቆዳ በኩል አስገብተው ከሚመለሰው ብርሃን ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደ ያዘ ያነባሉ። ብዙ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ብዙ ኦክስጅን የያዘ ደም ይስባልና።

ከምልክቶቹ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ዋና የሆነው ግን የድምፅ መልስ ነው። አንድ ያልተጠበቀ ደወል ሲጮኽ፥ ሰውየው ልብ ካለው፥ አንጎሉ ከሴኮንዱ ሦስት ዐሥረኛ ያህል ቆይቶ የራሱን መልስ ይሰጣል፤ ይህም በመዝገቡ ላይ እንደ ጉብታ ሆኖ ይታያል። ልብ ካላለው ጉብታው ያንሳል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የገበያ ቀን በጫጫታ መካከል ሒሳብ እየቆጠረ ያለ ባለሱቅ ስሙ ሲጠራ ላይሰማ ይችላል። ጆሮው ደኅና ነው፤ ድምፁም ገብቷል፤ የሚቀበለው ግን አላገኘም።

በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ፥ የአይሮፕላን ሥራ ትምህርት በሚሰጥበት ታላቅ ተቋም፥ ፍሬደሪክ ደኤ የተባሉት መምህርና ጓደኞቻቸው ይህን ጉዳይ በተከታታይ መርምረዋል። በ2006 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት አብራሪዎች በሲሙሌተር ለማረፍ ሲቃረቡ ድንገተኛ ነፋስ እንዲመታቸው ተደረገ፤ በዚያው ሰዓት የጎማው መዘርጊያ መበላሸቱን የሚናገር ደወል ተጮኸ። ከሦስት አብራሪዎች አንድ ያላነሱት ደወሉን አልሰሙትም። እነዚህ ሰዎች ጆሯቸው የደነቆረ ወይም ሥራቸውን የናቁ አልነበሩም። ከነፋሱ ጋር ሲታገሉ አእምሯቸው ሞልቶባቸው ነበር እንጂ። ተቋሙ ከዚያ ወዲህ ቆቡን ጨምሮ ባደረገው ምርመራ ደወሉ ያመለጠውን አብራሪ ከአንጎሉ ምልክት ለመለየት እንደሚቻል አሳየ። ጉዳዩ የመማሪያ ቤት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑንም ግንቦት 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ተነሥቶ ወደ ፓሪስ ሲበር አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ የወደቀው የኤር ፍራንስ አይሮፕላን ይመሰክራል። አይሮፕላኑ በአየር ላይ ለመቆም የሚያስችለው ፍጥነት ማጣቱን የሚናገረው ደወል ከ70 ጊዜ በላይ ጮኾ ሳለ፥ በድምፅ መዝገቡ ላይ ከአብራሪዎቹ አንዱ እንኳ ስለ ደወሉ አንድ ቃል ሲናገር አልተሰማም። 228 ሰዎች አለቁ።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር የተማረችው በራስዋ ሐዘን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው፤ የአይሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ምን ያህል እንደ ቀና የሚለካው የግራው መሣሪያ የሐሰት ቁጥር ሰጠ፤ ኤምካስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዐትም ያንን አንድ መሣሪያ ብቻ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋው። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ሌላው ክፍል ነው፤ በዚያን ሰዓት በመንጃው ክፍል ውስጥ ስንት ነገር ባንድ ጊዜ ይናገር ነበር? የካፒቴኑ መሪ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይህ አይሮፕላኑ ሊወድቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የዋናው ማስጠንቀቂያ መብራት በራ። የግራና የቀኝ የፍጥነትና የከፍታ ቁጥሮች አልተስማሙም። አትውረድ የሚል የማሽን ድምፅ ተሰማ። ቆይቶም ፍጥነቱ ከልክ ማለፉን የሚናገረው የሚንኳኳ ደወል ተጨመረ። አንዱ ቀስ ብለሃል ሲል ሌላው ፈጥነሃል ይል ነበር። ካፒቴኑ 8,122 የበረራ ሰዓት የነበረው ሰው ነው።

አብራሪዎቹ ፋብሪካው ያዘዘውን አድርገው የኤሌክትሪኩን ማብሪያ አጠፉት። ነገር ግን አይሮፕላኑ እጅግ ፈጥኖ ስለ ነበር የጅራቱን ክንፍ በእጅ ማዞር አቃታቸው፤ ኤሌክትሪኩ ሲመለስም ኤምካስ እንደ ገና ደፋው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንደርሳለን። ፋብሪካው አይሮፕላኑን ለፈቃድ ሲያቀርብ ኤምካስ ያለ ምክንያት ቢሠራ አብራሪው ወዲያው ያውቀዋል፥ በጥቂት ሴኮንዶችም ያስተካክለዋል ብሎ ገምቶ ነበር። ግምቱንም በሲሙሌተር ፈትኗል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው ግን በዚያ ፈተና የተደረገው አፍንጫውን መድፋት ብቻ ነው። ያንን ያመጣው የመለኪያ ብልሽትና ብልሽቱ የሚያስከትላቸው ደወሎች አብረው አልተፈተኑም። በሌላ አነጋገር አብራሪው የተፈተነው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ነበር። ይህ ብዙ ሊባልለት የሚገባ ነገር ነው። ከባድ ሸክም የሚችል መሆኑን ለማወቅ በቅሎውን ባዶውን አስሩጦ ዋጋ የሚቆርጥ ነጋዴ በጭልጋ ገበያ አይገኝም። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ከዚህ የባሰውን ገለጠ። አይሮፕላኑ ገና ሲነደፍ፥ በ2005 ዓ.ም. ግድም፥ የፋብሪካው የራሱ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ውስጥ ለኤምካስ መልስ ለመስጠት ከ10 ሴኮንድ በላይ ፈጅቶበት፥ ውጤቱም ጥፋት የሚያስከትል ነው ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ሲሙሌተሩ እውነቱን ተናግሮ ነበርና ጥፋቱን በማሽኑ ላይ ማላከክ አይቻልም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበኩሉ የማክስን ሲሙሌተር ገዝቶ በጥር 2011 ዓ.ም. ሥራ አስጀምሮት ነበር። ከአደጋው በኋላ አየር መንገዱ እንዳስታወቀው ግን በጊዜው የማክስ ሲሙሌተር የኤምካስን ችግር አስመስሎ እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ አልነበረም። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛው መለማመጃ የሚያስፈልገውን አንዱን ትምህርት ሳይዝ መጣ ማለት ነው። ማክስ ወደ ሥራ ሲመለስ አብራሪዎቹ ሁሉ አስቀድመው በሲሙሌተር እንዲለማመዱ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት አዘዘ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ማክስን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደ ገና ማብረር ጀመረ።

ክርክሩ ግን አላበቃም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች የመጨረሻውን ሪፖርት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አውጥተው ጥፋቱ የኤምካስ መሆኑን አረጋገጡ። በዚያው ወር የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኤምካስ ጥፋተኛነት ተስማምተው፥ ነገር ግን ሪፖርቱ የአብራሪዎቹን አሠራር በሚገባ አልመረመረም፥ የሞተሩ ኃይል እንደ መነሻው ሆኖ ለምን ሳይቀነስ ቀረ የሚል አስተያየት አቀረቡ። በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ልዩነት በመሠረቱ ስለ ሰው አእምሮ ነው። ያን ሁሉ ጩኸት እየሰማ፥ መሪውን በሁለት እጁ እየታገለ ያለ ሰው የሞተሩን ማንሻ የማስታወስ ችሎታ ይቀርለታል ወይስ አይቀርለትም? አንዱ ይቀርለታል፥ ሌላው አይቀርለትም ቢል በቃል ብቻ የሚዳኝ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ቦርድ ራሱ በ2012 ዓ.ም. ከሰጠው ምክር አንዱ፥ አብራሪ እንዲህ ያደርጋል የሚለውን ግምት ለማረጋገጥ የሚያስችል ጠንካራ መሣሪያና ዘዴ እንዲዘጋጅ ነበር። ቆቡና መነጽሩ ከነዚህ መሣሪያዎች እንደ አንዱ ሊቆጠሩ ይችላሉ። በመነጽሩ ውስጥ ደወሉን ሁሉ በአንድነት ማስጮኽ፥ በቆቡም ስንተኛው ደወል ላይ የአንጎሉ መልስ እንደሚጠፋ መቁጠር ይቻላል። አዲስ አይሮፕላን ወደ ገበያ ሳይወጣ ይህ ቁጥር ቢታወቅ፥ ደወል የሚጨምረው ሰው ስለሚጨምረው ነገር ዋጋ እንዲያስብ ይገደድ ነበር።

ጩኸት ብቻ አይደለም፤ ጸጥታም ሌላ አደጋ አለው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ ቦይንግ 737-800 በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የመውረጃው ሰዓት አለፈው፤ ከአዲስ አበባ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ጋርም ግንኙነቱ ተቋረጠ። አየር መንገዱ ግንኙነቱ ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበረና አብራሪዎቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ እንደ ተነሡ አስታወቀ። በዓለም ጋዜጦች የተዘገበው አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበርና አይሮፕላኑ ማረፊያውን ካለፈ በኋላ የአውቶማቲክ መንጃው መለያያ ደወል እንደ ቀሰቀሳቸው ነው። አይሮፕላኑ በደኅና አረፈ። በካርታ ላይ ከካርቱም እስከ አዲስ አበባ ቀጥተኛ መሥመር ቢሰመር ከመተማ ደቡብ፥ በቋራ ቆላ በኩል ያልፋልና፥ የጭልጋ ሰው ሰማይ እንግዳ ነገር አይደለም። እንቅልፍ በቆቡ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቅ ምልክት አለው። ዓይን ሳይከደን የአልፋውና የቴታው ማዕበል እየበዛ ይመጣል፤ ሰውየው ነቅቻለሁ እያለ አንጎሉ ለጥቂት ሴኮንዶች ጥሎት ሄዶ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ካነበበ በኋላ ቆቡን ለአብራሪዎች ሁሉ ይደረግ የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን ገና ነው። የዓይን ብልጭታ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ከአንጎሉ ይበልጣል። ጥርስን መንከስና ግንባርን መቋጠርም መዝገቡን ያበላሻሉ፤ የመነጽሩም ማሰሪያ ነጥቦቹን ይጫናቸዋል። ሰውን ከሰው ማወዳደርም ቀላል አይደለም፤ የአንዱ ድካም የሌላው ዕረፍት ሊመስል ይችላልና፥ ማሽኑ እያንዳንዱን አብራሪ ለየብቻው ለብዙ ሰዓት ማጥናት አለበት።

ከዚህ ሌላ የጠጉር ነገር አለ። እንደ ቀልድ ሊቆጠር አይገባውም። የቆቡ ነጥቦች የተሠሩት ለለሰለሰና ለተዘረጋ ጠጉር ነው። ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ጠጉር ነጥቡን ከቆዳው ያርቀዋል፤ ምልክቱም ይደክማል። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለ ጠጉር ያላቸው ሰዎች ከጥናት እስከ መውጣት ደርሰዋል። በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ2012 ዓ.ም. የወጣ ሥራ ለዚህ መፍትሔ ያመጣው ከሹሩባ ነው። ጠጉሩ ቆዳውን ተከትሎ በመሥመር ይሠራል፤ ነጥቡም በሹሩባው መካከል ባለው ክፍት ቦታ ገብቶ በሹሩባው ራሱ ተይዞ ይቆማል። የጎንደር ሴቶች ጣት የሚያውቀው ሥራ ወደ አንጎል ምርመራ ቤት ገባ ማለት ነው። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። ማሽኑ ድካም ይህን ይመስላል ብሎ የሚያውቀው ካጠናቸው ራሶች ነው። ከራሶቹ መካከል የአዲስ አበባ አብራሪዎች ከሌሉበት፥ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰው የተሠራ መለኪያ ለኢትዮጵያ ሰው ይፈርዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሙሌተሩም አብራሪውም፥ ተማሪውም አለው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ይሰጣል። እነዚህን ማገናኘት ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ ፈቃድን የሚጠይቅ ነገር ነው።

ፈቃድ ሲባል የአብራሪዎቹም ፈቃድ ነው። ባለሱቅ የሒሳብ መዝገቡን ለማን እንደሚያሳይ ያውቃል፤ ለግብር ሰብሳቢው የሚያሳየው አለ፥ ለተፎካካሪው የማያሳየው አለ። የአንጎል መዝገብ ከዚያ የጠለቀ ነው። አሠሪው አይቶ ይህ ሰው ይደክማል ብሎ ደመወዙን ሊቀንስ ወይም ሊያሰናብተው የሚችል ከሆነ፥ አብራሪው ቆቡን በጥርጣሬ ያደርጋል፤ በምርመራው ቀንም ብቻ ተኝቶ ይመጣል፤ መዝገቡም ዋጋ ያጣል። የድካም ጥናት የሚጠቅመው የበረራው ሰዓት ድልድል እንዲሻሻል ሲያገለግል ነው። ለምሳሌ አንድ አብራሪ ሌሊት አድሮ ጧት መነሣት እንዳይገደድ ማድረግ ይገኝበታል። ይህ ከተጻፈና ከተፈረመ በኋላ ቢጀመር ይሻላል፤ በአፍ ብቻ የተሰጠ ተስፋ የሚያደርሰውን ኪሳራ ነጋዴ ያውቀዋልና።

አስመጪዎችን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። ከአብራሪ ይልቅ ለመኪና ሾፌር የሚሆን ዕቃ በገበያ ላይ ከወጣ ቆይቷል። በአውስትራሊያ የማዕድን ማውጫ ስፍራዎች ከባድ መኪና የሚነዱ ሰዎች የአንጎልን ማዕበል የሚያነብ ስማርትካፕ የተባለ ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ እንቅልፍ ሲመጣባቸውም ባርኔጣው ያስጠነቅቃቸዋል። ሰሊጥ ጭኖ ከመተማ ሌሊቱን ሽቅብ ለሚወጣ ሾፌርም እንዲህ ያለ ነገር ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ለአንዳንድ ነጋዴ ሊመጣ ይችላል፤ ሐሳቡም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በኢንተርኔት አእምሮ ያነባል እየተባሉ የሚሸጡት የግንባር ቀበቶዎች ብዙዎቹ ሁለት ወይም አራት ነጥብ ብቻ ያላቸው፥ ለጨዋታና ለማረፊያ የተሠሩ ናቸው። ኮንቴይነር ከማዘዙ በፊት የሚያስመጣው ሰው ዕቃው በምን ዓይነት ሾፌር ላይ፥ በምን ዓይነት ጠጉር ላይ፥ በስንት ሰዓት ጉዞ ላይ እንደ ተፈተነ ከፋብሪካው በጽሑፍ ይጠይቅ። ነጥቦቹ በቅባት የሚሠሩ ከሆኑም ቅባቱ በቆላ ሙቀት ስንት ሰዓት ሳይደርቅ እንደሚቆይ፥ ተለዋጭ ነጥብና ባትሪ ከየት እንደሚመጣ፥ ሲበላሽም አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠግነው ማን እንደሆነ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ይወቅ።